የስኳር ህመም በጥቃቅን የደም ስሮች ላይ የሚያስከትለው ጉዳትና የቅድመ ምርመራ አስፈላጊነት በሐይቅና አምባሰል አካባቢ

የስኳር ህመም በደም ውስጥ የሚገኘው የስኳር መጠን ከተገቢው በላይ ከፍ ብሎ ሲቆይ የሚከሰትና ዕድሜ ልክ ክትትል የሚጠይቅ ህመም ነው። በአግባቡ ካልተያዘ በደም ስሮች ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው በትላልቆቹ የደም ስሮች ላይ የሚደርስና ለልብ ህመም፣ ለስትሮክ እንዲሁም ለእግር የደም ዝውውር መታወክ የሚዳርግ ነው። ሁለተኛው በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቮች ውስጥ በሚገኙ እጅግ ቀጫጭን የደም ስሮች ላይ የሚደርስ ሲሆን፣ የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ይኸው ነው።

የጥቃቅን ደም ስሮች ጉዳት ለዓመታት ያለ ምንም የህመም ስሜት የሚቆይ በመሆኑ ከብዙ ህመሞች ይለያል። ህመምተኛው ማየት ሲሳነው፣ እግሩ ሲያብጥ ወይም የማይድን ቁስል ሲወጣበት ወደ ጤና ተቋም ቢሄድም፣ በዚያን ጊዜ የሚሰጠው ህክምና በአብዛኛው የተረፈውን ለማዳን እንጂ የጠፋውን ለመመለስ አያስችልም። በአንጻሩ ጉዳቱን በጅምሩ ለመለየት ከሚያስፈልጉት ምርመራዎች አብዛኛዎቹ ቀላል፣ ዋጋቸው አነስተኛና በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊከናወኑ የሚችሉ ናቸው።

የሐይቅ ከተማ ከደቡብ ወሎ ዞን ዋና ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ በሐይቋና በጥንታዊው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትታወቃለች። ከዚያ በስተሰሜን የሚገኘው የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ደግሞ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመባት ውጫሌ ናት። ሁለቱም ከተሞች ደሴን ከወልድያ በሚያገናኘው መንገድ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ወደ ደሴ የሚደረገው ጉዞ አስቸጋሪ አይደለም። ከመንገዱ ርቀው በአምባሰል ተራሮች ላይ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ግን ለአንድ ቀን ምርመራ የሥራ ጊዜያቸውንና የትራንስፖርት ወጪያቸውን መሰዋት ይጠበቅባቸዋል። በመሆኑም ክትትሉ ወደ መኖሪያቸው በቀረበ መጠን ጉዳቱን የመከላከል ዕድሉ ይሰፋል።

የህመሙ ስፋት

ዓለም አቀፉ የስኳር ህመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን ያህሉ ከስኳር ህመም ጋር ይኖሩ ነበር። ፌዴሬሽኑ ለ2024 ያወጣው ግምት ደግሞ በዓለም ዙሪያ ቁጥሩ 589 ሚሊዮን መድረሱን ያሳያል። በአፍሪካ ህመሙ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም። የጥቃቅን ደም ስሮች ጉዳት አሳሳቢ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ህመም ከመታወቁ በፊት ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ አንዳንዶች ህመሙ በተነገራቸው ዕለት ዓይናቸው ወይም ኩላሊታቸው መጎዳት ጀምሮ ይገኛል።

የስኳር ህመም የከተማ ነዋሪዎችና የወፍራም ሰዎች ህመም ብቻ ነው የሚለው አመለካከትም ትክክል አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና በባልደረቦቻቸው ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ምርምር፣ በገጠር የሚኖሩና ሰውነታቸው የከሳ ወጣቶች ኢንሱሊን በሚያስፈልገው የስኳር ህመም እንደሚያዙ አመልክቶ፣ ከምግብ እጥረት ጋር ሊኖረው የሚችለው ግንኙነት እንደገና እንዲመረመር ጠይቋል። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ህመም አምስተኛው ዓይነት በማለት ዕውቅና ሰጥቶታል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከባድ ድርቅና ረሃብ ባለፈበት የወሎ ምድር ይህ ግንዛቤ ልዩ ትርጉም አለው።

ጉዳቱ የሚከሰተው እንዴት ነው?

አብዛኛዎቹ የሰውነት ሴሎች በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ወደ ውስጣቸው የሚገባውን መጠን መቀነስ ይችላሉ። የቀጫጭን ደም ስሮችን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍኑት ሴሎች ግን ይህን ለማድረግ አቅሙ የላቸውም። ስለሆነም በደም ውስጥ የበዛው ስኳር በቀጥታ ወደ ውስጣቸው ይገባና ቀስ በቀስ ይጎዳቸዋል። የደም ስሩ ግድግዳ እየወፈረ፣ ጥንካሬው ግን እየቀነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያ መያዝ የሚገባውን ፈሳሽና ፕሮቲን ያሾልካል፤ ቆይቶም ይዘጋል። የተዘጋበት አካል ኦክስጅንና ምግብ ስለሚያጣ ሥራውን ማከናወን ይሳነዋል።

የጉዳቱን ፍጥነት በዋናነት የሚወስኑት ህመሙ የቆየበት ዘመን፣ በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠንና የደም ግፊት ናቸው። ዘመኑን መቀየር ባይቻልም ሁለቱን ሌሎች መቆጣጠር ይቻላል። በአሜሪካና በካናዳ በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ህመምተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ስኳራቸውን በጥብቅ በተቆጣጠሩና ቀድሞ የዓይን ጉዳት ባልነበረባቸው ህሙማን ዘንድ የዓይን ጉዳት የመከሰት ዕድል በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በብሪታንያ በሁለተኛው ዓይነት ህመምተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት ደግሞ በጥብቅ የስኳር ቁጥጥር የጥቃቅን ደም ስሮች ጉዳት በ25 በመቶ፣ በጥብቅ የደም ግፊት ቁጥጥር ደግሞ በ37 በመቶ መቀነሱን አረጋግጧል። ይህም የስኳር ህመምተኛን የደም ግፊት መለካት ከስኳሩ ምርመራ የማያንስ ክብደት እንዳለው ያስገነዝባል።

በዓይን ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ሬቲና የሚባለው የዓይን ብርሃን ተቀባይ ክፍል በቀጫጭን የደም ስሮች የተሸፈነ ነው። እነዚህ ስሮች ሲጎዱ መጀመሪያ ጥቃቅን እብጠቶችና ነጠብጣብ የደም ምልክቶች ይታያሉ። በኋላም የተዘጉትን ስሮች ለመተካት በቀላሉ የሚበጠሱ አዳዲስ ስሮች ያቆጠቁጡና ወደ ዓይን ውስጥ ደም ይፈሳል፤ ሬቲናም ከቦታው ሊላቀቅ ይችላል። ህመምተኛው እስከዚህ ደረጃ ድረስ በደህና ያይ የነበረ ሊሆን ይችላል።

በአካባቢው ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ተደርገው በስፋት የሚታወቁት የዓይን ሞራ ግርዶሽና ትራኮማ ናቸው። በመሆኑም ዕይታው የደከመ የስኳር ህመምተኛ ችግሩን ሞራ ነው ብሎ በማሰብ ነጻ የቀዶ ህክምና ዘመቻ እስኪመጣ ሊጠብቅ ይችላል። በሞራ ግርዶሽ የተጋረደ ዕይታ በቀዶ ህክምና የሚመለስ ሲሆን፣ በሬቲና ጉዳት የጠፋ ዕይታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በጨረርና በዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ የሚደረገው ህክምና ውጤታማ የሚሆነው ጉዳቱ ሳይገፋ ሲደረስበት ነው። ስለሆነም በሁለተኛው ዓይነት ህመምተኛ ላይ የሬቲና ምርመራ ህመሙ እንደታወቀ፣ በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ደግሞ ህመሙ በጀመረ በ5 ዓመት ውስጥ መደረግ ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይደገማል። እርግዝና ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ስኳር ያለባት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ዓይኗን መታየት ይገባታል።

በኩላሊት ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ኩላሊት ደምን የሚያጣራው በጥቃቅን የደም ስሮች ጥቅሎች አማካኝነት ነው። ማጣሪያው ሲጎዳ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሽንት መውጣት ይጀምራል። በዚህ ደረጃ ህመምተኛው ምንም አይሰማውም፤ የሽንቱም መልክ አይለወጥም። የእግርና የፊት እብጠት፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት መቀነስ የሚመጡት ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው።

አልቡሚን በጅምሩ ከተገኘ ስኳርንና የደም ግፊትን በመቆጣጠር፣ እንዲሁም እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶችን በሐኪም ትዕዛዝ በመውሰድ ጉዳቱን ማዘግየት ይቻላል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉት መድኃኒቶች ኩላሊትን ከጉዳት የመከላከል ጠቀሜታቸው በጥናት ተረጋግጧል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የህመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ደጋግሞ መውሰድ ግን የተጎዳውን ኩላሊት ያባብሳል።

ኩላሊት ሥራውን ሙሉ በሙሉ ካቆመ ያሉት አማራጮች የኩላሊት እጥበትና ንቅለ ተከላ ናቸው። እጥበቱ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ያለማቋረጥ የሚደረግ በመሆኑ የአንድን ቤተሰብ ጥሪት በአጭር ጊዜ ሊያሟጥጥ ይችላል። ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ ፈቃደኛና ተስማሚ ለጋሽ ማግኘትን ይጠይቃል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ የሽንት ምርመራ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በነርቮችና በእግር ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ነርቮችን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ስሮች ሲጎዱ ችግሩ ከሁሉ በፊት በእግር ጣቶች ላይ ይታያል። አንዳንዶች በተለይ ሌሊት ላይ የማቃጠልና የመውረር ስሜት ሲሰማቸው፣ ሌሎች ግን ምንም ሳይሰማቸው እግራቸው ይደነዝዛል። ይበልጥ አደገኛው ሁለተኛው ነው። እግሩ የደነዘዘ አርሶ አደር እሾህ ቢወጋው፣ ጠባብ የፕላስቲክ ጫማ ቢልጠው ወይም በብርድ ወቅት እግሩን ምድጃ ዳር ሲያሞቅ እሳት ቢያቃጥለው አያውቅም። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ጉዳዩ እስከ እግር መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የሥጋ ደዌ ህሙማንን በማከም ይታወቃል። የሥጋ ደዌ ነርቭን ጎድቶ እግርን የሚያደነዝዝ በመሆኑ፣ ህሙማኑ ሲማሩት የኖሩት የእግር አጠባበቅ ለስኳር ህመምተኛም ያገለግላል። ይኸውም እግርን በየዕለቱ ማታ ማየት፣ መርገጫውን ማየት ያልቻለ በቤተሰብ ማስታየት፣ ጫማ ከማጥለቅ በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ በባዶ እግር አለመሄድ፣ እግርን በእሳትና በፍል ውኃ አለማሞቅ፣ ትንሽም ቢሆን ቁስል ሲገኝ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የተሟላ ክትትል ምን ያካትታል?

በብዙዎች ዘንድ ክትትል ማለት ስኳርን ተለክቶ መድኃኒት ተቀብሎ መመለስ ተደርጎ ይወሰዳል። በጥዋት የተለካ ስኳር የዚያን ሰዓት መጠን እንጂ የደም ስሮችን ሁኔታ አያሳይም። የተሟላ ክትትል የሚከተሉትን ያካትታል።

አንደኛ፣ በየቀጠሮው የደም ግፊትን መለካት።

ሁለተኛ፣ በየቀጠሮው ጫማ አስወልቆ እግርን ማየት፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሞኖፊላመንት በሚባለው ቀጭን የናይለን ክር የእግርን ስሜት መፈተሽ።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በሽንት ውስጥ የአልቡሚንን፣ በደም ውስጥ ደግሞ የክሪያቲኒንን መጠን መመርመር። በሽንት ውስጥ የሚነከረው ተራ የምርመራ ወረቀት ጉዳቱን የሚያሳየው ዘግይቶ በመሆኑ ውጤቱ ነጻ ቢሆንም የተሻለው ምርመራ በተገኘበት ቦታ መደረጉ ይመረጣል።

አራተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ሬቲናን በባለሙያ ማስመርመር።

አምስተኛ፣ አገልግሎቱ በሚገኝበት ቦታ የ3 ወር አማካይ የስኳር መጠንን የሚያሳየውን ምርመራ ማድረግ። ለአብዛኛው አዋቂ ህመምተኛ ውጤቱ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ይመከራል።

ከእነዚህ ውስጥ የደም ግፊት፣ የእግርና መሠረታዊው የሽንት ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ በነርስና በጤና መኮንን ሊከናወኑ የሚችሉ ናቸው። ለዓይን ምርመራ ባለሙያው ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ጉዳቱ ገፍቶ የሬቲና ህክምና ካስፈለገ ግን ጉዞው ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በአዲስ አበባ ወደሚገኙ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ወዳሉ ከፍተኛ ተቋማት ሊሆን ይችላል። የስኳር ክትትልን ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ እንደሚቻልም ነርሶችን በማሠልጠን በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ዙሪያ የተካሄደው ሥራ አሳይቷል።

የጤና መድህንና የአገልግሎት ቀጣይነት

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ሐይቅ መቀመጫው የሆነው የተሁለደሬ ወረዳ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ነበር። አባላት በየዓመቱ በሚከፍሉት መዋጮ በጤና ጣቢያና በሪፈራል ወደ ሆስፒታል ሄደው የሚታከሙበት፣ መክፈል የማይችሉ ወገኖችም በመንግሥት ድጎማ የሚታቀፉበት ሥርዓት ነው። ወረዳው በዚህ ረገድ ያካበተው ልምድ ለስኳር ህመምተኞች ክትትል ምቹ መሠረት ይሆናል። አባልነቱን በየዓመቱ የሚያሳድስ ህመምተኛ ሳይታመም ለምርመራ መምጣት አይከብደውም። መድኃኒቱ በተቋሙ ሳይገኝ ቀርቶ ከግል መድኃኒት ቤት እንዲገዛ የሚገደድ አባል ግን በመድህኑ ላይ ያለው እምነት እንደሚቀንስ ሊዘነጋ አይገባም።

የአገልግሎት መቋረጥ የሚያስከትለው አደጋ በቅርቡ ታይቷል። በጥቅምትና በህዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በተስፋፋበት ወቅት የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በአካባቢው በርካታ የጤና ተቋማት ለዘረፋና ለውድመት ተዳርገዋል። በመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ህመም ለተያዘ ሰው የኢንሱሊን መቋረጥ በቀናት ውስጥ ሕይወትን የሚያሳጣ ሲሆን፣ ለሌሎችም የወራት መቋረጥ በጥቃቅን የደም ስሮች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያፋጥናል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የመጠባበቂያ መድኃኒት ክምችት መያዝና የህመምተኛው የምርመራ ውጤት በተቋሙ መዝገብ ብቻ ሳይሆን በራሱ እጅ ባለው የክትትል ደብተር ላይም መስፈር እንዳለበት ነው።

የእምነትና የኑሮ ሁኔታ

በሐይቅና በአምባሰል ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተከባብሮና ተጋብቶ ይኖራል። የረመዳን ጾምም ሆነ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማት የመድኃኒት ሰዓትንና የምግብ ጊዜን ይለውጣሉ። ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ማዘግየት ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ለመጾም የሚሻ ህመምተኛ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይኖርበታል። ኩላሊቱ የተጎዳ፣ ነፍሰ ጡር የሆነችና የመጀመሪያው ዓይነት ህመም ያለባቸው ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ማቃለያ ያለ በመሆኑ የሃይማኖት አባቶች ይህንኑ ማስተማራቸው ጠቃሚ ነው። ወደ ጠበል የሚሄዱ ህሙማንም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እምነታቸውን መፈጸም እንዲችሉ ማበረታታት ያስፈልጋል።

ከአመራሩና ከሲቪል ሰርቪሱ የሚጠበቀው

የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2022 በተቀበሉት ግብ መሠረት በ2030 የስኳር ህመም ካለባቸው ሰዎች 80 በመቶ የሚሆኑት ህመማቸው እንዲታወቅ፣ ከታወቀላቸው መካከል 80 በመቶው ስኳራቸውን፣ 80 በመቶውም የደም ግፊታቸውን እንዲቆጣጠሩ ይጠበቃል። ግቡ በወረዳ ደረጃ ተግባራዊ የሚሆነው በየጤና ጣቢያው ስንት የስኳር ህመምተኞች እንደተመዘገቡ ብቻ ሳይሆን፣ ከእነርሱ መካከል ስንቶቹ በዓመቱ ውስጥ እግራቸው፣ ሽንታቸውና ዓይናቸው እንደታየ ሲጠየቅና ሪፖርት ሲደረግ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችም ከቀጠሮ የቀሩትን በየቤታቸው በመፈለግ ረገድ የማይተካ ሚና አላቸው። የዓይን ምርመራውን በተመለከተ በየወረዳው ያሉ ህሙማንን በቡድን አቀናጅቶ በተወሰነ ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ ወይም ባለሙያው ወደ ወረዳው እንዲመጣ ማመቻቸት የጉዞውን ጫና ያቃልላል።

ጉዳዩ የመንግሥት ሠራተኛውንም በቀጥታ ይመለከታል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራ፣ ዕድሜው ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ የደም ግፊት ያለበት ወይም በቤተሰቡ ውስጥ የስኳር ህመም ያለበት ሠራተኛ ስኳሩን መመርመር ይገባዋል። የሥራ ኃላፊዎችም ህመሙ ያለባቸው ሠራተኞች ለክትትል የሚሄዱበትን ቀን እንደ ሥራ ጉድለት ሳይሆን ሠራተኛውን በሥራው ላይ እንደሚያቆይ እርምጃ ሊመለከቱት ይገባል።

የዓለም የስኳር ህመም ቀን በየዓመቱ ህዳር 5 ቀን ይከበራል። ዕለቱ በሐይቅ፣ በውጫሌም ሆነ በሌሎች ከተሞች በሰልፍና በንግግር ብቻ ከሚታሰብ ይልቅ፣ ህሙማን ጫማቸውን አውልቀው እግራቸው የሚታይበት፣ ሽንታቸው የሚመረመርበትና የዓይን ምርመራ ቀጠሮ የሚይዙበት ቀን ቢሆን የብዙዎችን ዓይን፣ ኩላሊትና እግር ከጉዳት ለመታደግ ያስችላል።